የዋልያዎቹ ችግር ምርጫው ነው ወይስ ከታች የሚመጣ ልጅ መጥፋቱ?

አወያይ፦ የዛሬው ክርክር ይኼ ነው። ብሔራዊ ቡድኑ በተሸነፈ ቁጥር ግማሹ «እገሌ ለምን ቀረ?» ይላል። ግማሹ ደግሞ «ታዳጊ ላይ ሳይሠራ አሰልጣኙ ከየት ያምጣ?» ይላል። የቱ ነው ዋናው? ስድብ አይፈቀድም። ክለብ ለክለብ መበሻሸቅም በልኩ።

ቡናማው፦ እኔ ምርጫው ነው ባይ ነኝ። ተጫዋች የለም ማለት ሰበብ ነው። በ2013 የቡናው አጥቂ አቡበከር ናስር በአንድ የውድድር ዘመን 29 ጎል አግብቷል። ከዚሁ ሊግ ነው የወጣው። ሰኔ 2014 ሊሎንግዌ ላይ ግብፅን 2 ለ 0 አሸንፈናል። ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ አገቡ። አዎ፣ ሳላህ አልነበረም፤ ግብፅ ግን ያው ግብፅ ነው። ያ ቡድን የት ገባ? አሰልጣኝ በተቀየረ ቁጥር አዲሱ የድሮውን አፍርሶ ከዜሮ ይጀምራል። ከአሰልጣኝ ባሬቶ ወዲህ ዮሐንስ ሳህሌ፣ ገብረመድህን ኃይሌ፣ አሸናፊ በቀለ፣ አብርሃም መብራቱ፣ ውበቱ አባተ፣ እንደገና ገብረመድህን፣ ከዚያ መሳይ ተፈሪ። እስቲ በዚህ መሀል የትኛው ልጅ ነው ተረጋግቶ የሚለምደው?

ፈረሰኛው፦ ቡናማው አቡበከርን ሳያነሳ አይውልም። አጥቂ መጥቀስ ቀላል ነው፣ እስቲ በረኛ ጥቀስልኝ። የእኛን የጊዮርጊስን ጎል ለዓመታት የጠበቀው ኡጋንዳዊው ሮበርት ኦዶንካራ ነበር። ሌሎቹም ክለቦች እንደዛው በረኛ ከውጭ ያስመጡ ነበር፣ የአገሬው ልጅ ቤንች ላይ። ዋንጫ በልተንበታል፣ አልክድም። ዕዳው ግን ብሔራዊ ቡድኑ ላይ ነው የመጣው። ሳምንት ሙሉ ቤንች ላይ የተቀመጠን በረኛ ማንም ይምረጠው፣ ያው ነው።

አንድ እንግዳ፦ ምርጫው የኮታ ነው። ለዚህ ክልል ሁለት፣ ለዚያ ክለብ ሦስት። ሁሉም ያውቃል።

አወያይ፦ «ሁሉም ያውቃል» ማስረጃ አይደለም። ካለህ አምጣ፣ ከሌለህ እንለፈው።

የፕሮጀክት አሰልጣኝ፦ እኔ ታዳጊ ነው የማሠለጥነው፣ 13 እና 14 ዓመት ልጆች። ሜዳውን ከአንድ ትምህርት ቤት በልመና ነው ያገኘነው። ጠዋት 12 ሰዓት ገብተን ተማሪ ሳይሰለፍ እንወጣለን። ግማሹ ልጅ በሸራ ጫማ ነው የሚመጣው። ይኼ አያስጨንቀኝም፤ ልጅ በምንም ይጫወታል። የሚያስጨንቀኝ ጨዋታ ማጣቱ ነው። ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ቅዳሜ ልምምድ ይሠራሉ። ከማን ጋር ይጫወቱ? በዓመት አንዴ ውድድር ይመጣል። ሁለት ጨዋታ ተሸንፈህ ወደ ቤት። ኳስ ማንከባለል ይችላሉ፤ ተጋጣሚ ሲጫናቸው፣ ሰዓት ሲያልቅ፣ አንድ ለዜሮ ሲመሩ ምን እንደሚደረግ ግን የት ይማሩት? 20 ዓመት ሲሞላቸው ነው ያንን የሚጀምሩት።

ዕድሜው ደግሞ አለ። ከ15 ዓመት በታች ውድድር ላይ የተጋጣሚያችን አሥር ቁጥር ጢሙን ተላጭቶ ነው የመጣው። የልደት ካርድ አለው፣ ማህተም አለው። የእኔ ተከላካይ እውነተኛ 14 ነው። ትከሻ ለትከሻ ሲገናኙ ልጄ መስመር ዳር ተገኘ። አሰልጣኙን «ወንድሜ፣ ይኼ ልጅ ግን...» ስለው «ፈጣሪ ሲሰጠው ምን ላድርግ?» አለኝ። እሱንም ብዙ አልፈርድበትም። ዋንጫ ካላመጣ ነገ ሥራ የለውም። ግን ውጤቱን እዩት። ፊፋ ከ17 ዓመት በታች ውድድር ላይ ዕድሜ ለማጣራት የእጅ አንጓን በኤምአርአይ ማየት ከጀመረ ቆየ። ስለዚህ እዚህ ያሸነፍንበትን ልጅ ውጭ ይዘነው አንወጣም። እውነተኛው ልጅ ደግሞ ቤንች ላይ ተሰላችቶ ትቶታል፣ ባጃጅ እየነዳ ነው።

ጡረተኛው፦ ልጄ፣ በጎ ነገር አነሳህ። እኔ መንግሥቱ ወርቁን ሲጫወት ያየሁ ሰው ነኝ። በ1954 ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፈን የአፍሪካ ዋንጫ ስንበላ ሕፃን ነበርኩ። ከ1974ቱ ሊቢያ በኋላ እስከ 2005 ድረስ፣ 31 ዓመት ሙሉ አፍሪካ ዋንጫ አላየንም። በመሀሉ ግን የሚረሳ ነገር አለ። በ1993 የአፍሪካ ወጣቶች ዋንጫን አዲስ አበባ አዘጋጅተን፣ ወጣቶቹ አርጀንቲና የወጣቶች ዓለም ዋንጫ ድረስ ሄደዋል። ከዚያ ወዲህ በወንዶች እዚያ ውድድር አንድም ጊዜ አልገባንም። ለዚያ ቡድን ተብሎ ልጅ ተሰብስቦ፣ አብሮ ከርሞ ነበር። ድግሱ ሲያልቅ ሥራውም አብሮ ተዘጋ።

የሐዋሳ ልጅ፦ ጋሼ፣ እዚያ ላይ ልጨምር። አዳነ ግርማም ሽመልስ በቀለም የሐዋሳ ልጆች ናቸው። ሜዳና የሰፈር ውድድር ነበራ! አሁን ሜዳው ላይ ሕንፃ ቆሟል። ቢሆንም ቡናማውን ሙሉ በሙሉ አልቃወምም። ከፕሪሚየር ሊጉ በታች ያለውን ከፍተኛ ሊግ ወርዶ የሚያይ መራጭ ማን አለ? ፕሪሚየር ሊጉን በቴሌቪዥን አይቶ ዝርዝር ማውጣት ምርጫ አይባልም።

ፈረሰኛው፦ ክለቦቹስ? የከተማ አስተዳደር ናቸው፣ የባንክ ናቸው፣ የመከላከያ ናቸው። በጀቱ የዓመት ነው። ከንቲባው ዘንድሮ ውጤት ነው የሚፈልገው። የ14 ዓመቱ ልጅ ሲደርስ እሱ ሌላ ሹመት ላይ ነው። ስለዚህ ገንዘቡ ለፊርማ ይውላል። በ2011 መገባደጃ ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ተብሎ ነበር። በጓሮ በር ሲከፈል ያልሰማ አለ? ሴኔጋልን እዩ። ዤኔራሲዮን ፉት ከፈረንሳዩ ሜትዝ ጋር ተሳስሮ ሳዲዮ ማኔን አወጣ። አካዳሚው ልጅ ሸጦ ነው የሚኖረው። የእኛ ክለብ ልጅ ባይሸጥም በጀቱ አይቀርበትም፣ ታዲያ ለምን ይልፋ?

ሚኒሶታ፦ ሁላችሁም አንድ በር ረስታችኋል። በ2005ቱ የአፍሪካ ዋንጫ ቡድን ውስጥ ከአሜሪካ ፉአድ ኢብራሂም፣ ከስዊድን ዩሱፍ ሳላህ ነበሩ። ጌዲዮን ዘላለም ከኢትዮጵያውያን ወላጆች ተወልዶ ለአሜሪካ ወጣት ብሔራዊ ቡድን ተጫወተ። እዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ሜዳው በሐበሻ ልጅ ነው የሚሞላው። ሕጋችን ግን ጥምር ዜግነት አይፈቅድም። የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ይዘህ አዲስ አበባ ላይ ንግድ ትከፍታለህ፣ ማሊያውን ግን አትለብስም። ኬፕ ቨርዴ ግማሽ ሚሊዮን ሕዝብ ይዛ በዲያስፖራ ልጆች ለ2026 (እ.ኤ.አ.) ዓለም ዋንጫ አለፈች።

የፕሮጀክት አሰልጣኝ፦ ይምጡ፣ ማን ጠላ? ግን አስቢው እህቴ። የኬፕ ቨርዴ ብዙዎቹ ልጆች ኳስ የተማሩት ፖርቱጋልና ኔዘርላንድስ ነው። ሌላው አገር በታዳጊ ላይ የሠራውን ተውሰው ነው። እኛም ብንዋስ ደስ ይለኛል። የእኔ 22 ልጆች ግን የት ይሂዱ?

ቡናማው፦ እሺ፣ ልጆቹ ይሠሩ። እስኪደርሱ ግን ስድስት ሰባት ዓመት ነው። እስከዚያ ያለውን በትክክል መምረጥ ክልክል ነው? አሰልጣኙን ቢያንስ አንድ ሙሉ ማጣሪያ አቆዩት። ሜዳችን በአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) ታግዶ «በሜዳችን» የምንለውን ጨዋታ ማላዊና ሞሮኮ እየሄድን ስንጫወት የከረምንም እኛው ነን። ይኼም የታዳጊ ጥፋት ነው?

የሐዋሳ ልጅ፦ እሱስ የአስተዳደር ነው። እዚያ ላይ ካንተ ጋር ነኝ።

አወያይ፦ የፕሮጀክት አሰልጣኝ፣ አንድ ነገር ብቻ ወስን ብትባል?

የፕሮጀክት አሰልጣኝ፦ የ13 እና የ15 ዓመት ሊግ። ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ዓመቱን ሙሉ፣ በየክፍለ ከተማው። ዋንጫ የለውም፣ መውረድ የለውም። ዋንጫ ከሌለ ጢም ያለው ልጅ አይመጣም።

ፈረሰኛው፦ ሜዳውስ?

የፕሮጀክት አሰልጣኝ፦ ማመልከቻ አስገብተናል፣ «እናያለን» ተብለናል። ጀሞ አካባቢ ቅዳሜ ከሰዓት ባዶ የሚውል ሜዳ የሚያውቅ ካለ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ። ዳኛ አለን።