ያሪስ ቲ ስፖርት 1.5፦ ትራፊክ ላይ ያፈላል፣ ሚኒሞውም ይዋዥቃል። ቴስታታው ይውረድ?

ቀዩ_ያሪስ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የ2003 ያሪስ ቲ ስፖርት ናት። ሞተሯ 1ኤንዜድ-ኤፍኢ፣ ካምቢዮዋ ማንዋል፣ የምትነዳውም አዲስ አበባ ውስጥ ነው።

ክፍት መንገድ ላይ ምንም ችግር የለባትም። ኤሲ ተከፍቶ ትራፊክ ላይ ስትቆም ግን የሙቀት መብራት ይበራል፣ ኮፋኑ ስር የሚንተከተክ ድምፅ ይሰማል። ከስር ጠብታ የለም፣ ዘይቱ ንጹህ ነው፣ ነጭ ጭስም የለም። ጠዋት ሞተሩ ቀዝቅዞ ሲታይ ራዲያተሩ ጎድሎ፣ ሪዘርቫው (ትርፍ ውሃ የሚይዘው ዕቃ) ግን እስከ አፉ ሞልቶ ይገኛል። ሚኒሞው (ነዳጅ ሳይረገጥ ያለው የሞተር ዙር) ደግሞ ከ500 እስከ 1200 ዙር ይመላለሳል።

ጋራዥ ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሮቹ አየር ሲጨምቁ የሚደርሱበት ግፊት) ተለክቶ 10.8፣ 10.7፣ 10.9 እና 10.6 ባር አሳየ። «መጽሐፉ 15 ይላል፣ የቴስታታ ጓርኒሲዮን (ከሞተሩ ራስ ሥር ያለው ማሸጊያ) ሄዷል፣ ይውረድ» ተባለ። ሌላ መካኒክ ደግሞ «ቴርሞስታቱን (ውሃው እስኪሞቅ መንገዱን የሚዘጋውን ቫልቭ) አውጥተህ ጣለው» ይላል። ብር ከመውጣቱ በፊት ቤት ውስጥ ምን ምን ማጣራት ይቻላል?

ዲግሪና_ባር፦

ቴስታታውን እንዳታስወርድ፣ ቢያንስ በዚህ ልኬት ብቻ አይሆንም። የፋብሪካው 15 ባር ገደማ (1471 ኪሎ ፓስካል) የባሕር ወለል ቁጥር ነው። አዲስ አበባ ከ2300 ሜትር በላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት 76 ኪሎ ፓስካል አካባቢ ነው፣ ማለትም ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛው። ሲሊንደሩ የሚስበው አየር በዚያው መጠን ሲያንስ ጌጁም ያንኑ ያህል ይወርዳል። ስለዚህ በባሕር ወለል 15 የሚያሳይ ሞተር እዚህ 11 ገደማ ያሳያል። ያንተ ጤነኛ ነው። የሚያሳስበው በሲሊንደሮች መካከል ያለው ልዩነት ነው፦ መጽሐፉ እስከ 1 ባር ይፈቅዳል፣ ያንተ 0.3 ነው። ጓርኒሲዮኑ በሁለት ጎረቤት ሲሊንደሮች መካከል ቢቃጠል ኖሮ የሁለቱ ንባብ ለብቻው ወድቆ ይታይ ነበር። (በነገራችን ላይ ከ106 ፈረስ ጉልበቷ እዚህ የሚተርፍልህ 80 ገደማ ነው። እንጦጦ ዳገት ላይ ደከመች ብለህ ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ልታስቀይር እንዳታስብ።)

አሁን ወደ ውሃው። በዚህ ከፍታ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ 92 ዲግሪ ላይ ይፈላል። የመኪናዋ ፋን የሚነሳው ግን 90ዎቹ አጋማሽ ላይ ነው። ይህ ማለት የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ካልያዘ ፋኑ ሳይነሳ ውሃው ይፈላል ማለት ነው። ባሕር ዳርቻ ባለ ከተማ ደካማ ክዳን ይዘህ ዓመት ልትነዳ ትችላለህ፣ አዲስ አበባ ግን አይምርህም። 1.1 ባር የሚይዝ ደህና ክዳን የመፍያውን ነጥብ ወደ 117 ዲግሪ ያወጣዋል። ኩላንት ሲጨመርበት ደግሞ ከዚያም በላይ ይሄዳል።

«ራዲያተሩ ጎድሎ ሪዘርቫው ሞልቶ» ያልከው ነገር ጣቴን ክዳኑ ላይ ያስቀስረኛል። ክዳኑ ሁለት ቫልቭ አለው። ትልቁ በስፕሪንግ የተያዘው ነው፣ ግፊት ሲበዛ ውሃውን ወደ ሪዘርቫ ይለቃል። መሃሉ ላይ ያለችው ትንሿ ደግሞ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ውሃውን መልሳ ትስባለች። ትንሿ ከተጣበቀች ውሃው ይወጣል እንጂ አይመለስም፣ በቦታው የሚፈጠረው ባዶነት ቱቦውን ይጨምቃል፣ ባገኘው ቀዳዳም አየር ይስባል። ጠዋት ሳትከፍተው የላይኛውን ወፍራም ቱቦ እይ፦ ተጨምቆ ጠፍጥፎ ከሆነ ምርመራው አልቋል።

ክዳን ስትገዛ መኪናዋ ላይ በመጀመሪያ የመጣው ላይ ያለውን ቁጥር (0.9 ወይም 1.1) ተከተል። ሶማሌ ተራ ሁሉም ዓይነት አለ፣ ግን አሮጌውን ይዘህ ሂድና ከላይኛው ጠርዝ እስከ ታችኛው ጎማ ያለውን ርዝመት አነጻጽር። አንድ ሁለት ሚሊ ሜትር ያጠረው የራዲያተሩን መቀመጫ አይነካም፣ ቁጥሩ ትክክል ቢሆን እንኳ ግፊት አይይዝም። ትንሿን ቫልቭ በጥፍርህ ሳብ አድርገህ ልቀቃት፣ ወዲያው ካልተመለሰች አትግዛው።

ቁልፍ_10፦

ቴርሞስታት አውጣ የሚለውን ምክር እርሳው። የዚህ ሞተር ቴርሞስታት ያለው ውሃ ወደ ሞተር በሚገባበት በኩል ነው፣ ከጀርባውም የባይፓስ መዝጊያ አለው። ሲወጣ ባይፓሱ ክፍት ሆኖ ይቀራል፣ ስለዚህ ከውሃው ከፊሉ ራዲያተሩን ሳያይ ይዞራል። ትራፊክ ላይ ያው ይሞቃል፣ ክፍት መንገድ ላይ ደግሞ ከሚገባው በላይ ይቀዘቅዛል። ኮምፒውተሩ ሞተሩ ገና አልሞቀም ብሎ ቤንዚን ያበዛል፣ ካንዴላው ይጠቁራል። ሁለቱንም ታጣለህ።

ቴርሞስታቱን መፈተን ከፈለግክ ድስት ውስጥ በክር አንጠልጥለህ ቴርሞሜትር ጨምርበት። 80 እስከ 84 ዲግሪ ላይ መከፈት መጀመር አለበት። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ መጽሐፉ ሙሉ አከፋፈቱን የሚለካው በ95 ዲግሪ ነው፣ የአዲስ አበባ ድስት ደግሞ 92 ላይ ፈልቶ ይቆማል። ሙሉ በሙሉ አልተከፈተም ብለህ ደህናውን እንዳትጥል። መከፈት የሚጀምርበትን፣ ሲቀዘቅዝም ጥርቅም ብሎ መዝጋቱን እይ። ስትመልሰው የምትንቀሳቀሰዋ ትንሽ ፒን ወደ ላይ ትሁን፣ አየር የሚያመልጠው በእሷ በኩል ነው። የጎማ ቀለበቱን አዲስ አድርግ።

ውሃው እንዲህ ይሞላል። ሞተሩ ፍጹም ቀዝቃዛ ይሁን። ፊቷን ዳገት ላይ አቁም ወይም በክሪክ ከፍ አድርገህ ድጋፍ አስገባ። የውስጥ ማሞቂያውን ወደ ሙሉ ሙቅ አዙር። ኩላንትና የተጣራ ውሃ ግማሽ በግማሽ አዘጋጅ፣ ጠቅላላው ወደ 5 ሊትር ነው፣ ተዘጋጅቶ የሚሸጠውን ከገዛህ ግን ውሃ አትጨምርበት። የተጣራ ውሃ ፍለጋ «የባትሪ ውሃ» ስትል አሲድ እንዳይሰጡህ ጽሑፉን አንብብ። የቧንቧ ውሃ ራዲያተሩ ውስጥ ነጭ ድንጋይ ያበጃል፣ ቀጫጭን ቱቦዎቹን ይደፍናል።

ቀስ እያልክ ሙላ፣ የላይኛውንና የታችኛውን ቱቦ በእጅህ እየጨመቅክ። አረፋው ሲቆም ክዳኑን ሳትዘጋ ሞተሩን አስነሳ፣ ኤሲ አትክፈት። ውሃው ሲወርድ ጨምር። ውሃው አፉ ድረስ ማበጥ ሲጀምር ክዳኑን ዝጋና 2000 እስከ 2500 ዙር ላይ ያዘው፣ ከማሞቂያው የሚወጣው አየር ሙቅ ሆኖ እስኪረጋና ፋኑ ተነስቶ እስኪቆም። ከዚያ አጥፍተህ ተወው። ክዳኑ የሚከፈተው የላይኛው ቱቦ በእጅ ሲያዝ የማያቃጥል ሲሆን ብቻ ነው። የጎደለውን ሙላ፣ ሪዘርቫውን በሁለቱ ምልክቶች መካከል አድርግ። በማግስቱ ጠዋት እንደገና እየው።

የኋላ_ጎማ፦

ከላይ ስለ ኮምፕሬሽን የተባለው ልክ ነው፣ ግን ጓርኒሲዮኑን ሙሉ በሙሉ ነጻ አያወጣውም። ከሲሊንደር ወደ ውሃ መንገድ የሚያሳልፍ ቀጭን ስንጥቅ በኮምፕሬሽን ጌጅ ላይታይ ይችላል፣ ሪዘርቫን የሚሞላውም እሱ ሊሆን ይችላል። መለያው ቀላል ነው፦ በቀዝቃዛ ሞተር ራዲያተሩን እስከ አፉ ሞልተህ ክዳን ሳታደርግ አስነሳ። መጀመሪያ ጥቂት አረፋ ቢወጣ ችግር የለም፣ የታሰረ አየር ነው። ነዳጅ ስትረግጥ እየበዛ የማያቋርጥ አረፋ ከሆነ ግን የተቃጠለ ጋዝ ነው። ለማረጋገጥ በራዲያተሩ አፍ የሚያዝ ሰማያዊ ፈሳሽ ያለው መፈተሻ አለ፣ ወደ ቢጫ ከተቀየረ ክርክሩ አበቃ። ያኔ ቴስታታው ይወርዳል፣ ጠመዝማዛነቱ በቀጥ ያለ ብረትና በስስ መለኪያ ይታያል (ከ0.05 ሚሊ ሜትር በላይ ከሆነ ይላጫል)፣ ቡሎኖቹም ከመሃል ወደ ዳር በ29 ኒውተን ሜትር፣ ከዚያ 90 ዲግሪ፣ እንደገና 90 ዲግሪ ይጠብቃሉ።

ሁለተኛ፣ ማንም ያላነሳው ፋኑ ነው። ኤሲ ሲከፈት ፋኑ ሙቀት ሳይጠብቅ መዞር አለበት። ኮፋኑን ከፍተህ ኤሲውን አብራ። ካልዞረ የፋኑን ሶኬት ንቀልና ከባትሪ በቀጥታ 12 ቮልት ስጠው። አሁንም ካልዞረ የፋኑ የራሱ ሞተር ነው፣ ብዙ ጊዜ ካርቦኑ አልቆ። ከዞረ ፊውዝና ሪሌ ፈልግ። በእጅ ሲገፋ የሚነሳ ፋን ደግሞ ደህና አይደለም፣ አንድ ቀን መገናኛ ላይ ይተውሃል። በኤሲ ኮንደንሰሩና በራዲያተሩ መካከል የተጠቀጠቀውን አቧራና ላባም እይ። ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ፣ በቀስታ ውሃ ይታጠባል። የመኪና እጥበቱን ኃይለኛ ውሃ ከቀረብከው ክንፎቹን ያጣጥፋቸዋል።

የውሃ ፓምፑን ከሥሩ በባትሪ መብራት እይ። ትንሽ ቀዳዳ አለችው፣ ከእሷ ሥር ነጭ ወይም ሮዝ የደረቀ ቅርፊት ካለ ያፈሳል፣ የጋለ ሞተር ላይ ስለሚተን ጠብታ መሬት አይደርስም። ቺንጋው ወርዶ ፑሊው በእጅ ሲወዛወዝ ላላ ካለ ፓምፑ ይቀየር።

ቀዩ_ያሪስ፦

አመሰግናለሁ። ቱቦው ጠዋት ጠፍጥፎ ተገኝቷል፣ ክዳኑ ሲከፈትም እፍፍ ብሎ አየር ሳበ። የክዳኑ ትንሿ ቫልቭ በዝገት ተይዛ አልላቀቅ ብላለች። አረፋው ሁለት ደቂቃ ቆይቶ ጠፋ፣ ነዳጅ ሲረገጥም አልተመለሰም። ፋኑ ከኤሲ ጋር ይዞራል። አዲስ ክዳን ገብቶ በተባለው መንገድ ተሞልቷል፣ ሙቀቱ በኦቢዲ ማንበቢያ (ከመኪናዋ ኮምፒውተር ቁጥሮችን የሚያነብ መሣሪያ) ትራፊክ ላይም ከ97 አላለፈም። ሚኒሞው በጣም ተሻሽሏል ግን አሁንም 600 እና 850 መካከል ይጫወታል። ለምን ተሻለ? የቀረውስ?

ዲግሪና_ባር፦

የተሻለው ውሃው ስለሞላ ነው። በዚህ ሞዴል የሚኒሞ ቫልቩ ትሮትል ቦዲው (የሚገባውን አየር የሚቆጣጠረው ክፍል) ሥር ተቀምጦ በሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች የሞተር ውሃ ያልፍበታል። የሙቀት ሴንሰሩም ውሃ ውስጥ መጠለቅ አለበት። አየር ሲገባ ሴንሰሩ አንዴ ውሃ፣ አንዴ እንፋሎት ይነካል፣ ኮምፒውተሩም አንዴ ቀዝቃዛ ነው አንዴ ሙቅ ነው እያለ ዙሩን ያመላልሰዋል።

የቀረው ቆሻሻ ወይም የአየር ስርቆት ነው። ሳትፈታ በፊት ማንበቢያው ላይ የነዳጅ ማስተካከያውን (ፊውል ትሪም፣ ኮምፒውተሩ ቤንዚኑን በስንት በመቶ እንደጨመረ ወይም እንደቀነሰ የሚያሳየውን ቁጥር) እይ፣ ሞተሩ ሞቆ። ሚኒሞ ላይ አጭሩና ረጅሙ ተደምረው ከ+15 በላይ ሆነው 2500 ዙር ላይ ወደ ዜሮ ከቀረቡ ከአየር ሜትሩ (የሚገባውን አየር ከሚለካው ሴንሰር) በኋላ አየር ይሰርቃል። የፍሬን ሰርቮ ቱቦን፣ ከቫልቭ ክዳን የሚመጣውን የፒሲቪ ቱቦና ከማኒፎልዱ የሚወጡትን የጎማ ቱቦዎች በተራ በፒንሳ ጨምቅ፣ ዙሩ የሚለወጥበት ጋ ነው። በሁለቱም ዙር ከፍ ብሎ የሚቆይ ከሆነ የአየር ሜትሩን ለእሱ በተሠራ ስፕሬይ ብቻ እጠብ፣ ሽቦውን በጨርቅ እንዳትነካው።

ንባቡ ዜሮ አካባቢ ከሆነ ትሮትል ቦዲው ነው። የአየር ቱቦውን አላቀህ ቢራቢሮውን (ውስጡ ያለውን ክብ መዝጊያ) በእጅ ክፈት፣ ከጫፉና ከጀርባው ያለውን ጥቁር ቅባት በክሊነር በራሰ ጨርቅና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ አጽዳ። ካቻቢቴ አይነካውም። ክሊነሩን በቀጥታ ወደ ሚኒሞ ቫልቩ ቀዳዳ አትርጭ፣ ወደ ኤሌክትሪኩ ይገባል። መልሰህ ስትገጥም የባትሪውን ነጌቲቭ ጥቂት ደቂቃ ንቀል፣ ከዚያ ኤሲና መብራት ሳትከፍት ፋኑ እስኪነሳ በሚኒሞ አሙቃት። ማንዋል ካምቢዮ ስለሆነች 600 እስከ 700 መካከል መርጋት አለባት።

ቁልፍ_10፦

ለሳምንት ጠዋት ጠዋት ራዲያተሩን ሳይሆን ሪዘርቫውን ብቻ እይ፣ በየቀኑ ክዳኑን ከከፈትክ ራስህ አየር ታስገባለህ። በቀዝቃዛ ሞተር መስመሩ ካልወረደ ተወው። ከወረደና መሬት ላይ ምንም ካላየህ ወደ ፓምፑ ቀዳዳ ተመለስ።