ያገለገለ ሞተር የገጠምኩለት ብስክሌት ዳገት ላይ ይጠፋብኛል፤ ምን ይሻለኛል?

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምኖረው ባሕር ዳር ነው። ከተማው ሜዳ በመሆኑ ለብስክሌት የተመቸ ነው፤ ሥራዬ ግን ከዓባይ ማዶ፣ ወደ ቤዛዊት በሚወጣው ዳገት ላይ ነው። ስለዚህ አንድ ወዳጄ ከአዲስ አበባው ምናለሽ ተራ ገዝቶ የላከልኝን ባለ 36 ቮልት፣ 350 ዋት ሞተር ከነመቆጣጠሪያው በካቴና ከኋላ ጎማው ጋር አገናኘሁት። ባትሪዎቹ ከአሮጌ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለኮምፒውተር ኃይል የሚሰጥ መሣሪያ) የወጡ፣ በተከታታይ የተያያዙ ሦስት ባለ 12 ቮልት፣ 7 አምፔር ሰዓት ናቸው።

ሜዳ ላይ ደስ የሚል አካሄድ አለው። ዳገቱን ስጀምር ግን ቮልቴጁ ከ38 ወደ 30 ይወርድና መቆጣጠሪያው ኃይሉን ያቋርጣል፤ ጥቂት ካረፈ በኋላ ተመልሶ ይሠራል። ገመዶቹ ወፍራም ናቸው፣ ማያያዣዎቹም አይሞቁም። ጭነት ላይ እያለ ባትሪዎቹን ለየብቻ ስለካቸው ግን አንደኛው ከሌሎቹ በጣም ፈጥኖ ይወርዳል። ሞተሩ ዳገት ላይ ከ10 አምፔር በላይ ስለሚስብ፣ ይህ ለደከመ ትንሽ ባትሪ ከባድ ሸክም ይመስለኛል።

ጥያቄዬ ይህ ነው፦ የደከመውን ብቻ ብቀይር አሮጌዎቹ አዲሱን አይጎዱትም? ወይስ ገንዘቤን ለኋላው ጎማ ብዙ ጥርስ ያለው ማርሽ ላውለው? ፍጥነቱ ቢቀንስም ግድ የለኝም፤ ዳገቱን ይውጣልኝ እንጂ። ያገለገለ ሊቲየም ባትሪ እንድገዛ የመከሩኝም አሉ፤ ነገር ግን እሳት ሊያስነሣ ስለሚችል ያለ መከላከያ ሰርኪዩት አልነካውም። አቅሜ ከሦስቱ ለአንዱ ብቻ ይበቃል። በእጃችሁ ሠርታችሁ ያያችሁ እባካችሁ የትኛውን ላስቀድም?