አስቸኳይ! ላስቲክ ፀጉሬ ውስጥ ተቋጥሮ አልወጣ አለ

ሚዜዋ፦
እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ቀጭኗ ጥቁር ላስቲክ ፀጉሬ ውስጥ ተጠላልፋ አልወጣ ብላለች። ጠዋት አስሬ ወጣሁ፣ አሁን ልፈታ ብል ወይ ፍንክች! ስስበው ፀጉሩ እየተበጠሰ እጄ ላይ ይቀራል። እናቴ መቀስ ይዛ «ቁረጪውና ተገላገይ» እያለች ከኋላዬ ቆማለች። ቅዳሜ ሚዜ ነኝ! ደግሞ ከዚህ በኋላ ፀጉር የማይበጥስ ማስያዣ ጅማ ውስጥ ምን ልግዛ?

የአጋሮ ልጅ፦
መጀመሪያ መቀሱን ከእናትሽ ተቀበይ። ሌላው ይደረስበታል።

ቡና ጠጪ፦
የምግብ ዘይት ቀቢው።

ነርስ ነኝ፦
እህቴ፣ ስታስሪው እርጥብ ነበር? ርዝመቱስ? ይሄን ሳትነግሪን እንዴት እንመልስ? ለማንኛውም እርጥብ ፀጉር ያብጣል፣ ይለጠጣል፣ ከደረቁ ይልቅ በቀላሉ ይበጠሳል። ታስሮ ሲደርቅ ደግሞ ላስቲኩ ላይ ይጠመጠማል። ፀጉር በወር 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው የሚያድገው፤ ስለዚህ 60 ሳንቲ ሜትር ፀጉር ካለሽ ጫፉ የ5 ዓመት ዕድሜ አለው ማለት ነው። 5 ዓመት የለበስሽውን ነጠላ እንደዚህ ትጎትቺዋለሽ? ሌላው፣ ጥብቅ አድርጎ ማሰር ግንባርና ጆሮ አካባቢ ያለውን ፀጉር ከሥሩ ይነቅላል። በ1907 እ.ኤ.አ. ግሪንላንድ ውስጥ ፀጉራቸውን ወደ ኋላ ወጥረው በሚያስሩ ሰዎች ላይ ይኸው መመለጥ ተመዝግቧል። መጀመሪያ ላይ ላላ አድርገው ማሰር ከጀመሩ ይመለሳል፤ ለዓመታት ከቀጠለ ግን ሥሩ ጠባሳ ይሆንና አይበቅልም።

የአጋሮ ልጅ፦
ሲስተር፣ ግሪንላንድ ደርሰሽ እስክትመለሺ ልጅቷ በራ ሆነች እኮ።

ሚዜዋ፦
አዎ እርጥብ ነበር። ዝናቡን እያያችሁት! ታጥቤ እስኪደርቅ ብጠብቅ ሥራ የምገባው ማታ ነው። እስከ ወገቤ ይደርሳል። ዘይት ቀባሁ፣ ቀሚሴ ተበላሸ እንጂ ላስቲኳ አልተነቃነቀችም።

ኪቶ ግቢ፦
ላስቲኩ ላይ አትፍረጂ። ወገብ የሚደርስ ከሆነ ሪላክሰር (የፀጉር ማለስለሻ ኬሚካል) ተቀብተሽ ነው፣ ፀጉሩ ራሱ ሞቷል።

ሚዜዋ፦
ማን ሪላክሰር አለህ? ሪላክሰር ነክቶት አያውቅም። ሰው እየጠየቀ ያለው ሌላ!

እትዬ ቆጪ፦
ልጄ፣ በኛ ጊዜ ላስቲክ የሚባል መቼ ነበር። ቅቤ ተቀብተን፣ ሹሩባ ተሠርተን፣ ሻሽ አሥረን ነው ፀጉራችን ወገብ የደረሰው። ነገ ሹሩባ ተሠሪና ይህን ሁሉ ጣጣ ተዪው።

ነርስ ነኝ፦
እትዬ፣ አክብሮቴ እንደተጠበቀ፣ ሹሩባም ጠብቆ ከተሠራ ያው ነው። ሲሠሩሽ ቅንድብሽ ሽቅብ ከተሳበ ወይም ማታ ትራስ ላይ ካመመሽ፣ ጠብቋል ማለት ነው።

ፀጉር ሠሪ ነኝ፦
ሚዜዋ፣ ሌላውን ሁሉ ተይና ይሄን አድርጊ። የሚቆረጠው ላስቲኩ ነው፣ ፀጉሩ አይደለም። ዋጋው ከአንድ ሲኒ ሻይ አይበልጥም፣ አትሳሺለት። ዘይቱ ሩብ ሰዓት ይቆይ፤ ያንሸራትታል፣ ጎማውንም ያለሰልሳል። ከዚያ የክብሪት እንጨት በላስቲኩና በፀጉሩ መሀል አሾልኪ፣ ትንሽ የጥፍር መቀስ አምጪና በእንጨቱ ላይ ላስቲኩን ብቻ ቁረጪ። ምላጭ እንዳትሞክሪ። ሁለት ሦስት ቦታ ከተቆረጠ በኋላ ቁርጥራጩን አንድ በአንድ ልቀሚው እንጂ አትሳቢ። መጨረሻ ላይ ጥርሱ ሰፋ ባለ ሚዶ ከጫፍ ጀምረሽ ወደ ላይ አፍታቺ። ብርሃን ያለበት ቦታ ተቀመጪ፣ እናትሽ ይያዙልሽ። መቀሱን ይዘው ከመቆም ይሻላል።

ቀልደኛው፦
ያቺን መቀስ ሚዜዎቹ በር ሲዘጉ ትጠቀምባታለች፣ አትጣሉባት።

የሰፈራችን ልጅ፦
ዘይት አድርጊበት፣ እኔ ሞክሬዋለሁ ይሠራል።

ቡና ጠጪ፦
እሱ እኮ ተብሏል ወንድሜ። በኔ።

ኡሙ ሰሚር፦
የመግዣውን ጥያቄ ማንም አልመለሰላት። እኔ ቀኑን ሙሉ ሂጃብ ስር ነው የማስረው፣ ብዙ ዓይነት ሞክሬያለሁ። ብረት ያላትን ላስቲክ ጣዪ፣ ፀጉር የሚይዘው መጋጠሚያው ላይ ነው። የብር ማሠሪያ ላስቲክማ ጠላት ነው። ጥሩው ሰፊው የጨርቅ ማስያዣ ነው፤ ሳቲን ከሆነ የበለጠ ያንሸራትታል። ሱቅ ላይ «ሐር ነው» ብለው ዋጋ ቢቆልሉብሽ አትመኚ፣ አብዛኛው ፖሊስተር ነው፤ ፖሊስተር ቢሆንም ለፀጉር ምንም አይልም፣ ልስላሴው ነው ዋናው። እንደ ስልክ ገመድ የተጠማዘዘው ፕላስቲክም አይከፋም። ሲላላብሽ ሙቅ ውኃ ውስጥ ብትነክሪው ወደ ቀድሞው ይመለሳል። ሂጃብ ለምትለብሱ ደግሞ፦ ወላሂ እርጥቡን ጠቅልላችሁ አትውጡ። ሌላ ምርጫ ከሌለ ላላ አድርጋችሁ ጉንጉን ሥሩትና በሳቲን ሻሽ ሸፍኑት።

ሰፊው ከሂርማታ፦
ሳቲኑን ከመግዛት ማሰፋት ይቀላል። የቀሚስ ገበር ቁራጭ ልብስ ሰፊ ጋ አይጠፋም። 50 በ10 ሳንቲ ሜትር ቁረጡ፣ በቁመቱ አጥፋችሁ ስፉና ገልብጡት፤ ወርዱ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነ 20 ሳንቲ ሜትር ላስቲክ አስገቡና ዝጉት። አንድ ክንድ ጨርቅ ለቤተሰቡ ይበቃል። ጊዜ የሌላት አሮጌ ታይት እግሩን እንደ ቀለበት ትቁረጠው፣ ፀጉር ላይ አይጠላለፍም አይበጥስም።

ኪቶ ግቢ፦
ትልቁ ጥርሳም ክሊፕስ? እህቴ እሱን ነው የምታደርገው።

ፀጉር ሠሪ ነኝ፦
ጥሩ ነው፣ ክብደቱን አንድ ነጥብ ላይ አይጥለውም። ስትገዙ ግን ጥርሱን በጣት ዳብሱ፤ ፕላስቲኩ የተገጠመበት መስመር ከቧጠጠ ተዉት። የእንጨት ሚዶም ሐሙስ ገበያ ስትገዙ ታይት ላይ ጎትቱት፣ ክር ከያዘ ፀጉርም ይይዛል። በነገራችን ላይ ክሊፕ አድርጋችሁ ባጃጅ ውስጥ ወደ ኋላ አትደገፉ፣ ሥሩን ይገነጥለዋል። የምታስሩበትንም ቦታ በየቀኑ ቀያይሩ፤ ሁሌ አንድ ቦታ ከታሰረ እዚያው ይሳሳል።

እትዬ ቆጪ፦
ሁሉም ጥሩ ብላችኋል። ሹሩባው ግን ይሻላል።

አዲስ አባል፦
ይቅርታ፣ ጥያቄውን ሳልቀማት፦ የ4 ዓመት ልጄን ትንንሾቹን ባለ ቀለም ጎማ አድርጌ ነው የማስራት። ማታ ስፈታ ታለቅሳለች። ምን ይሻላል?

ነርስ ነኝ፦
እነሱን በጣት አትሳቢ፣ ጫፉ ክብ በሆነ መቀስ እየቆረጥሽ ጣያቸው። ማታ ይዛ አትተኛ፣ ሕፃን ስለሆነች ደግሞ አፏ ታስገባዋለች፣ ወለል ላይ የወደቀውን ልቀሚ። ለትምህርት ቤት ለስላሳ ጨርቅ ያለበስሽው ላስቲክ ይበቃታል።

አዲስ አባል፦
እግዜር ይስጥልኝ። ሰፊው፣ ለልጅ ስንት ሳንቲ ሜትር ላድርገው?

ሰፊው ከሂርማታ፦
30 በ6፣ ላስቲኩ 12። ጭንቅላቷን ሳይሆን የፀጉሯን ውፍረት ለኪ።