የ3 ሰዓት ቪዲዮ በአንድ ዲቪዲ ይገባል?

ጥያቄ፦ ሰላም፣ የቤተሰብ ሰርግ ቪዲዮ አለኝ፣ 3 ሰዓት ይሆናል። ዲቪዲ ላይ በርን ላድርገው ስል ሶፍትዌሩ ቦታ አይበቃም ይለኛል። ጥራቱ ሳይበላሽ እንዴት ላስገባው?

መልስ፦ ዋናው ነገር ቢትሬቱ (ለእያንዳንዱ ሰከንድ ቪዲዮ የሚመደበው የዳታ መጠን) ነው። ተራው ዲስክ 4.7 ጊጋባይት ነው የሚይዘው፤ ያንን ለ3 ሰዓት ስታካፍለው ድምፁን ጨምሮ በሰከንድ 3.4 ሜጋቢት ገደማ ይደርስሃል፣ ጭፈራው ላይ ደግሞ ምስሉ መሰባበሩ አይቀርም። ለ2 ዲስክ ክፈለው።

ሌላ መልስ፦ ድምፁንም እይ። ፒሲኤም (ያልተጨመቀ ድምፅ) ከሆነ ብቻውን በሰከንድ 1.5 ሜጋቢት ይበላል። ወደ ኤሲ3 (የተጨመቀ የድምፅ ዓይነት)፣ በሰከንድ 192 ኪሎቢት ቀይረውና የተረፈውን ለምስሉ ስጠው።

ሌላ መልስ፦ ለ2 መክፈል ካልፈለግክ ባለ ሁለት ሽፋን ዲስክ 8.5 ጊጋባይት ይይዛል፣ መጀመሪያ ግን ድራይቭህ እንደሚጽፍበት አረጋግጥ። ኦሪጅናሉን ፋይል ደግሞ በፍጹም እንዳታጠፋው!