የደቡብ መስቀልን በ130 ሚሊሜትር ቴሌስኮፕ ከአዲስ አበባ ማየት፦ ጥያቄና መልስ

ጠያቂ፦ ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። ያለኝ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ባለ 130/650 ዶብሶንያን (የመስታወቱ ስፋት 130፣ የትኩረት ርቀቱ 650 ሚሊሜትር የሆነ ባለ መስታወት ቴሌስኮፕ) ነው፤ የዐይን ሌንሶቹ 25 እና 10 ሚሊሜትር። ከእንጦጦ ሆኜ የደቡብ መስቀልን ሳይ «የጌጥ ሣጥን» የሚባለው የከዋክብት ክምችት (ኤንጂሲ በሚባለው የሰማይ አካላት ዝርዝር ቁጥር 4755) ጭጋግ ብቻ ይሆንብኛል። የመስቀሉ የታችኛው ኮከብ አክሩክስ ጥንድ ነው ቢባልም አልከፈል አለኝ፤ «የከሰል ከረጢት» የሚባለው ጨለማ ኔቡላማ (የአቧራ ደመና) ጭራሽ የለም። ቴሌስኮፑ አንሶ ነው? በዚህ ትንሽ ኅብረ ኮከብ ውስጥ ሌላስ ምን ልፈልግ?

አድማስ፦ ቴሌስኮፑ አላነሰም፣ ችግሩ ቦታው ነው። እንጦጦ ከከተማው በስተ ሰሜን ስለሆነ ወደ ደቡብ ስትመለከት የአዲስ አበባ መብራት በሙሉ ከፊትህ ነው። መስቀሉ ደግሞ ከአዲስ አበባ ሲታይ ከፍ ቢል ቢል ከአድማስ 21 ዲግሪ ገደማ ነው። ብርሃኑ ዐይንህ ጋ የሚደርሰው ከአናት ከሚመጣው ሦስት እጥፍ የሚጠጋ አየር አቋርጦ ነው። ስለዚህ ከተማውን ከጀርባህ አድርግ፤ ወደ ቡታጅራ ወይም ወደ ዝቋላ አቅጣጫ ውጣ። አርባ ምንጭ መሄድ ከቻልክ ሦስት ዲግሪ ትጨምራለህ፣ መስቀሉ ይህን ያህል ዝቅ ሲል ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም።

ሰዓቱን ያዝ፦ ከፍታው ጫፍ የሚደርሰው በየካቲት መጨረሻ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ፣ በመጋቢት መጨረሻ 6 ሰዓት፣ በሚያዝያ መጨረሻ ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው። ሚያዝያ ለእንቅልፍ ይመቻል፣ ግን የበልግ ደመና አለ፤ እኔ የካቲትን እመርጣለሁ። ከእነዚህ ሰዓቶች አንድ ሰዓት ተኩል ቢቀድም ወይም ቢዘገይ የምታጣው ሁለት ዲግሪ ያህል ብቻ ነው።

ሚዛን፦ በአድማስ መልስ ላይ ልጨምር። ጭጋጉ ከመስታወቱም ሊሆን ይችላል። 130/650 አጭር ቴሌስኮፕ ስለሆነ መስታወቶቹ ትንሽ ከተዛነፉ ኮከብ ነጥብ መሆኑ ይቀራል። የምትፈትነው በመስቀሉ ኮከቦች ሳይሆን ከፍ ባለ ኮከብ ነው፤ በዚያ ሰዓት ስፓይካ የሚባለው ደማቅ ኮከብ ከአናት ብዙ አይርቅም። በ10 ሚሊሜትር መሀል ላይ አድርገህ ፎከሱን ትንሽ አዛባው። ቀለበቶቹ አንድ ማዕከል ከሌላቸው የዋናውን መስታወት ብሎኖች በትንሽ በትንሹ አዙር፤ ከእያንዳንዱ ዙር በኋላ ኮከቡን ወደ መሀል መልሰው። ከሞቀ ቤት ያወጣኸውን ቴሌስኮፕ ደግሞ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ውጭ አቆየው። መስታወቱ እስኪቀዘቅዝ ቱቦው ውስጥ ያለው አየር ይንቀጠቀጣል።

አክሩክስን በተመለከተ፣ በጥንዶቹ መካከል ያለው ርቀት 4 አርክ ሰከንድ ያህል ነው (አንድ አርክ ሰከንድ የዲግሪ 3,600ኛ ክፍል ነው)። 130 ሚሊሜትር ከአንድ አርክ ሰከንድ በታች ያለውንም ይለያል፤ የሚያግድህ አየሩ ነው። በ10 ሚሊሜትሩ በምታገኘው 65 እጥፍ ማጉላት ያስቸግራል፣ ከ100 በላይ አድርሰው። ዝቅ ያለ ኮከብ በአየሩ ምክንያት ከላይና ከታች ቀይና ሰማያዊ ጠርዝ ያወጣል፤ ደግነቱ መስቀሉ ቀጥ ብሎ ሲቆም ጥንዶቹ ጎን ለጎን ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ስለሚተኙ ያ ቀለም ብዙም አያጣብቃቸውም።

ኮከብ ቆጣሪ፦ ወደ መፈለጊያው ልሂድ። ፊትህን ወደ ደቡብ አድርገህ መስቀሉ ቀጥ ሲል የግራው ኮከብ ሚሞሳ ነው። የጌጥ ሣጥን ከእሱ አንድ ዲግሪ ወደ ታችና ወደ ግራ ነው፤ በ25 ሚሊሜትር ሁለቱም በአንድ ላይ ይታያሉ (ምስሉ ግን የተገለበጠ መሆኑን አትርሳ)። ፎከሱን በሚሞሳ ላይ አጥራ፣ ከዚያ ብርሃኑ እንዳያስቸግርህ ከእይታው አስወጥተህ ወደ 10 ሚሊሜትር ቀይር። ከሰማያዊዎቹ መካከል አንዱ ብርቱካናማ ኮከብ ከተለየህ ደርሰሃል። የዚህ ክምችት ውበቱ እሱ ነው፣ ቸኩለህ አትለፈው።

ከአክሩክስ ወደ ግራ 1.8 ዲግሪ ያህል ሂድ፤ ባለ 5 ማግኒትዩድ (የድምቀት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ኮከቡ ይደበዝዛል) ኮከብ አጠገብ ኤንጂሲ 4609 የተባለችውን የከዋክብት ክምችት ታገኛለህ። ትንሽ ናት፣ ግን የምትታየው በከሰል ከረጢቱ ውስጥ አልፋ ነው፦ ከረጢቱ 600 የብርሃን ዓመት ገደማ ሲርቅ እሷ 4,000 ገደማ ትርቃለች። ከአክሩክስ በላይ 1.2 ዲግሪ ላይ ኤንጂሲ 4349 የተባለ ሌላ ክምችት አለ፤ ደብዛዛ ስለሆነ ጨለማ ሰማይ ይፈልጋል። በዚሁ ኅብረ ኮከብ ያለችው ሚው ክሩሲስ ደግሞ ሰፊ ጥንድ ናት (35 አርክ ሰከንድ)፣ በ25 ሚሊሜትሩ ትከፈላለች።

የከሰል ከረጢቱን በቴሌስኮፕ አትፈልገው። ስፋቱ 7 በ5 ዲግሪ ያህል ነው፣ የአንተ እይታ ሁለት ዲግሪ እንኳ አይሞላም። በዐይንህ ወይም በ7x50 ባይኖኩላር፣ ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት።

ጠያቂ፦ አመሰግናለሁ። የኔቡላ ፊልተር ልግዛ ወይስ ባለ 6 ሚሊሜትር ሌንስ?

ሚዛን፦ 6 ሚሊሜትሩን፤ 108 እጥፍ ይሰጥሃል፣ ለአክሩክስ ይበቃል። ፊልተሩ የሚያበራ ጋዝን ብርሃን ለይቶ የሚያሳልፍ ስለሆነ እዚህ አይሠራም። ክምችቶቹ የኮከብ ብርሃን ናቸው፣ ከረጢቱ ደግሞ ከኋላው ያለውን የሚጋርድ አቧራ እንጂ ራሱ የሚያበራ ጋዝ አይደለም።