የኮስተሯ ጉዞ ረቂቅ፦ ሐሳብ ያለው ይጻፍበት

ጸሐፊው፦
ጀመዓ፣ እንዴት ናችሁ? የማኅበራችን ኮስተር አውቶቡስ ወንበሯ ወጥቶ አልጋ እየተገጠመላት ነው። መኪና ውስጥ እያደርን የዱር እንስሳ የምንመዘግብበት ጉዞ ግን ያለ ወረቀት አይሆንም። ለፓርኩና ለቱሪዝም ቢሮ የምናስገባው ረቂቅ ይኸው፦

«ማኅበራችን ከድሬዳዋ ተነስቶ የባቢሌን የዝሆን መጠለያ፣ አዋሽ ፓርክንና የሃላይደጌን የዱር እንስሳት ሜዳ በአንድ ጉዞ ይዞራል። ቀንና ሌሊት እየተጓዘ ያያቸውን ብርቅዬ እንስሳት ፎቶ አንስቶ ይመዘግባል። ፎቶውን ከነቦታው በፌስቡክ ያወጣል።»

እርሙት እንጂ «ምርጥ ነው» ብላችሁ አትለፉት።

ጋሼ (የከባድ መኪና ሹፌር)፦
«ሌሊት» የሚለውን አውጣው ልጄ። እኔ በዚህ መንገድ ላይ ነው ያረጀሁት። ጉደኛ እንስሳ የሚታየው በሌሊት ነው፣ አልክድም። የሚገጨውም በሌሊት ነው። ጃርቱ፣ ጅቡ፣ ቀበሮው ጠዋት አስፋልት ላይ ተዘርሮ ታገኘዋለህ። ግመል ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። እግሩ ረጅም ስለሆነ ስትመታው ገላው ቀጥ ብሎ በመስታወት ይገባል። እንስሳ እንወዳለን ብለን ወጥተን እንስሳ ገጭተን እንመለስ?

ወጣቱ (ፎቶ አንሺ)፦
ጋሼ አቦ ተው! እኔ እኮ ምስጥ በሊታውን አዋልዲጌሳ ለማየት ነው የተመዘገብኩት። እሱ ደግሞ ፀሐይ እያለ አይወጣም።

ቲቸር (ባዮሎጂ)፦
ልክ ነህ፣ አይወጣም። ጉድጓዱ ግን ቀን ይታያል። ኩይሳ የበዛበት ቦታ ፈልግ። ከጎኑ የተቦረቦረና አፈሩ ገና ያልደረቀ ከሆነ ማታ እዚያ ምስጥ ሲበላ ነበር ማለት ነው። የተወውን ጉድጓድ ከርከሮም ጃርትም ይወርሰዋል። ስለዚህ ዱካ፣ ኩስና ጉድጓድ እንደ እይታ ይቆጠር ብዬ ሐሳብ አቀርባለሁ። ማታ ማታ መኪናዋ ትቁም፣ እኛም ፓርኩ በሚፈቅደው የማደሪያ ሰፈር ከስካውት (ከፓርኩ ጠባቂ) ጋር ቁጭ እንበል። ከመጣ መጣ።

ሌላም ነገር አለ። ሁላችሁም ዝንጀሮ ስታዩ ካሜራ ታወርዳላችሁ። የአዋሹን ዝንጀሮ ግን ተመራማሪዎች ለብዙ ዓመት ተከታትለውታል። እዚያ ሁለት ዓይነት ዝንጀሮ ድንበር ይጋራል። አንደኛው የኛው የቆላው ነው፣ ወንዱ ብርማ ጋማ ያለውና ፊቱ ቀላ ያለ። ሁለተኛው አረንጓዴ ቡኒ የሚመስለው ነው። ይዳቀላሉም። ከኮስተሯ ሳንወርድ ጋማውን እያየን ብንመዘግብ ከአንበሳ ፎቶ የተሻለ ነገር ይዘን እንመለሳለን፣ በኔ ግምት።

አስጎብኚዋ (ከሐረር)፦
እኔ ባቢሌን ከረቂቁ አውጡት ባይ ነኝ። መጠለያው በ1970 እ.ኤ.አ. ሲከለል ወደ 7,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋ ነበር። ዝሆኖቹ በኤረርና በጎቤሌ ሸለቆ ቁጥቋጦና በለስ ውስጥ ነው የሚውሉት። ኮስተር እዚያ አይገባም። ቢገባም ሰው ያስጨነቃቸው እንስሳት ናቸው፣ ድምፅ ሲሰሙ ወይ ይሸሻሉ ወይ ይመጡብሃል። ከሁሉ የሚያስፈራኝ ደግሞ «ከነቦታው በፌስቡክ» የምትለዋ ናት። የዝሆን ቦታ ለጥርስ ፈላጊ አድራሻ መስጠት ነው እንዴ ዓላማችን?

ጅብ ያማረው ሐረር ይምጣ፣ ማታ ማታ ሲመገብ ያየዋል። ኮስተር አያስፈልገውም።

ወጣቱ፦
ዝሆን ከሌለበት ማን ይፈርምልናል?

አስጎብኚዋ፦
ሃላይደጌን ሰፋ አድርገህ ጻፈው። መስመሩ ቀጭን፣ ጆሮው ሰፊ የሆነው የሜዳ አህያ እዚያ አለ፣ በዓለም ደረጃ ለመጥፋት የተቃረበ ነው። ሳላ አለ። በኋላ እግሩ ቆሞ ግራር የሚቀነጥሰው ጋራኑግ አለ። ሰጎንም አለ። ፕሮሶፒስ የሚባለው መጤ እሾሃማ ዛፍ ሳሩን እየወረረው ስለሆነ የት የት ምን እንዳየን መመዝገቡ ትርጉም አለው። ግን ከወረዳውና ከፓርኩ ስለ ሰላሙ ሳንጠይቅ ከአስፋልት አንውረድ። ይሄ ይጻፍ።

መካኒኩ (ሳቢያን)፦
እኔ ስለ እንስሳው አላውቅም፣ ስለ ኮስተሯ ልናገር። ውሃ ፖርቶ መጋላ ላይ ይጫን ያላችሁትን እርሱት። ለ6 ሰው በቀን 5 ሊትር ብንል ለ3 ቀን 90 ሊትር ነው፣ ማለትም 90 ኪሎ። ያ ጭነት አናት ላይ ሆኖ የደንገጎን ዳገት ጥምዝ ስትዞር ታንገዳግዳለች። ውሃው ወለል ላይ፣ ከአልጋው ስር ይሁን። የቡታጋዙ ሲሊንደር ሰው ከሚተኛበት ይውጣ፣ ለእሱ ከኋላ ከውጭ ሳጥን እበይድለታለሁ። ለፍሪጁ ሶላር ይበቃል፣ ለድሬ ፀሐይ ማን ይጨነቃል። ከጭሮ ወደ ሚኤሶ ስትወርዱ ደግሞ በማርሽ ያዟት። ፍሬን ከጋለ አይዝም።

ጋሼ፦
ተባረክ። አንድ ልጨምር። ሕያው እንስሳ ብቻ አትመዝግቡ። የተገጨውንም መዝግቡ፣ የት እንደሆነ፣ ስንት ሰዓት እንዳያችሁት። አዋሽ ፓርክን ዋናው መንገድም ባቡሩም አቋርጠውት ነው የሚያልፉት። ሹፌር የሚገጭባቸው ቦታዎች እኮ ተደጋጋሚ ናቸው፣ ምልክት ግን የለባቸውም። ይሄን ብታስገቡ ቢሮው ያነበዋል። «አንበሳ አየን» ብትሉት ግን ይስቅባችኋል።

ቲቸር፦
ጋሼ፣ ይሄ የረቂቁ ዋና ነጥብ ይሁን። የኛ ፎቶ ተከትሎ ይምጣ።

ወጣቱ፦
እሺ ተሸነፍኩ። ግን አውዳይ ላይ ጫት ለመግዛት የምንቆምበት ሰዓት በፕሮግራሙ ይያዝ፣ ሁሌ የሚያጣላን እሱ ነው።

አስጎብኚዋ፦
አውዳይ ያለው በሐረር መንገድ ነው፣ መንገዳችን ላይ የለም። ደንገጎ ላይ በቀኝ ነው የምንታጠፈው።

ጸሐፊው፦
ሳቅ ገደላችሁኝ። የታረመው ይኸው፦

«ማኅበራችን ከድሬዳዋ እስከ አዋሽ ፓርክ፣ ፈቃድ ሲገኝም እስከ ሃላይደጌ፣ ከንጋት እስከ 11 ሰዓት ብቻ ይጓዛል። በመንገዱ የተገጩትን እንስሳት ከነቦታቸው ይመዘግባል፣ ምልክት የሚያስፈልጋቸውን ቦታዎችም ለመንገድና ለፓርክ ኃላፊዎች ያሳውቃል። ሕያው እንስሳትን፣ ዱካና ጉድጓዳቸውን ከመኪና ሳይርቅ ይመዘግባል። ማታ በፓርኩ የተፈቀደ ሰፈር ከስካውት ጋር ያድራል። የእንስሳት ትክክለኛ ቦታ ለፓርኩ ብቻ ይሰጣል፣ ለሕዝብ አይወጣም። ባቢሌ ለብቻው በሌላ ጊዜ፣ ያለ ኮስተር፣ በመጠለያው አስጎብኚ ይታያል።»

የሚቃወም ካለ እስከ ዓርብ ይጻፍ። ደብዳቤውን ማን ያደርሳል?

ቲቸር፦
እኔ አደርሳለሁ። ቅጂው ላይ ግን የጋሼ ስም ይቅደም፣ የምዝገባው ሐሳብ የሱ ነው።

መካኒኩ፦
ከመፈረማችሁ በፊት እሁድ ጠዋት ውሃውንም ሰውንም ሙሉ ጭነን ደንገጎን ወጥተን እንውረድ። ፍሬኗ ካልያዘች ቀኑን እናራዝማለን።