«የሰነፍ ሰብል» ስለተባለው ባህር ዛፍ

የሞጃው ሰው፦
ትናንት በዚሁ ቡድናችን ውስጥ የግብርና ባለሙያ መሆናቸውን የገለጹ አንድ ተሳታፊ፣ በደብረ ብርሃን ዙሪያ በገብስ ማሳ ላይ የሚተከለውን ባህር ዛፍ «የሰነፍ ሰብል» ብለውታል። በሬ የሌላቸው አንዲት እናት፣ ልጆቻቸው ሥራ ፍለጋ ከተማ የገቡባቸው አንድ ሽማግሌ፣ ማሳቸውን ምርቱን እኩል ለሚካፈል አራሽ ሰጥተው በሰው ፈቃድ ከሚኖሩ ይልቅ ችግኝ ቢተክሉ ስንፍናቸው የቱ ላይ ነው? ገብሱን ውርጭ ይመታዋል፤ የማዳበሪያውን ዕዳ ግን ውርጭ ሲመታው አላየንም። ባህር ዛፍ ከተቆረጠ በኋላ ከጉቶው ስለሚያቆጠቁጥ፣ አንዴ የተከለ ሰው ደጋግሞ ይሸጣል። ይህን ያሰበ ገበሬ ሰነፍ ከተባለ ታታሪው ማን ሊባል ነው?

ባለ እርከን፦
ቃሉን የጻፍሁት እኔ ነኝ፤ አላነሣውምም። የምቃወመው ዛፉን ሳይሆን የተተከለበትን ቦታ ነው። የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 456/1997፣ ተዳፋትነቱ ከ60 በመቶ በላይ የሆነ መሬት ለእርሻና ለልቅ ግጦሽ እንዳይውል፣ ይልቁንም ለዛፍ፣ ለቋሚ ተክልና ለመኖ እንዲውል ደንግጎ ነበር። ከ31 እስከ 60 በመቶ ተዳፋት ያለውን ደግሞ ያለ እርከን ማረስ አይፈቅድም ነበር። በእኛ በሰሜን ሸዋ ዞን የሚታየው ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ ሜዳው በባህር ዛፍ ይሸፈናል፣ ገብሱ ደግሞ ወደ ገደሉ ይወጣል። ገደል ሲታረስ ምን እንደሚሆን ማወቅ የሚፈልግ ሰው ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም፤ በዚሁ በዞናችን «አንዲት ጥድ» በተባለው የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ ከ1970ዎቹ ጀምሮ በጎርፍ የሚታጠበው አፈር ሲለካ ኖሯል። ከዛፉ ሥር ያለው መሬትም ቢሆን ቅጠሉ ለማገዶ ተጠርጎ ስለሚወሰድ ራቁቱን ይቀራል፤ ዝናቡንም በባዶው ይቀበላል።

የጠራዋ፦
ወንድሞቼ፣ ስለ ማሳው ስትከራከሩ ምድጃውን ዘነጋችሁት። ባህር ዛፍ በሌለበት ቀበሌ የሚነደው ኩበት ነው። ኩበት ደግሞ ማሳው ላይ ሊበተን የሚገባው ፍግ ነው፤ እኛ ግን እንጋግርበታለን፤ ደርቆም ለገበያ ጭምር ይወጣል። መሬቱ የሚራበው በባህር ዛፍ ብቻ እንደሆነ አድርጎ ማቅረብ፣ ጭስ ውስጥ ተቀምጦ እንጀራ የሚጋግረውን ሰው አለመቁጠር ነው። «ሰነፍ» የተባለችውም ምናልባት ማገዶ ለመልቀም ግማሽ ቀን መሄድ የሰለቻት ሴት ትሆናለች።

መንዜው፦
ችግሩ የዛፍ ወይም የገብስ ሳይሆን የሥርዓት እጦት ነው። በመንዝ ያለውን የጓሳን የጋራ የሣር ምድር ተመልከቱ። አባቶቻችን «ቄሮ» በሚባለው የጋራ መሬት ጥበቃ ሥርዓት ሣሩን ለዓመታት ዘግተው ያቆዩት ነበር፤ የሚከፈትበትንም ጊዜ የመረጡት አለቃና ሽማግሌዎች ይወስኑ ነበር። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ያንን ሥርዓት ቢያናጋውም ሕዝቡ በመተዳደሪያ ደንብ መልሶ አቁሞታል፤ ዛሬ ቀይ ቀበሮውም ጭላዳውም እዚያው አሉ። ባህር ዛፍም እንዲህ ያለ የጋራ ደንብ ያስፈልገዋል እንጂ ስድብ አያስፈልገውም።

የቡልጋ ልጅ፦
መንዝ ያልተነሣበት ክርክር በዚህ ቡድን ውስጥ መቼ ይሆን የምናነበው? ጓሳ የጋራ መሬት ነው፤ እዚህ የምንነጋገርበት ግን የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር የወጣበት የአንድ ቤተሰብ መሬት ነው። ሣር ማጨድን በቀጠሮ ማድረግ ይቻላል፤ በራሱ ይዞታ ላይ ችግኝ የሚተክልን ሰው ግን በየትኛው አለቃ ልታስፈቅዱት ነው?

መንዜው፦
ቡልጋ ደንብ እንደማይወድ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ስለሆነ አልፈርድብዎትም። ሆኖም በራስ ይዞታ ላይ የተተከለ ዛፍ ሥሩ የወሰን ድንጋይ አይቶ አይመለስም።

የሞጃው ሰው፦
ወደ ባለ እርከን ልመለስ። ሜዳው ለምን በዛፍ እንደተሸፈነ ጠይቀው ያውቃሉ? በአማራ ክልል በ1989 ዓ.ም. የተካሄደውን የመሬት ድልድል ያየ ሰው፣ «ቢሮክራሲ»፣ ማለትም የቀድሞ ሥርዓት ሹም ተብሎ ከአራት ጥማድ (አንድ ሄክታር ገደማ) በላይ ያለውን መሬቱን የተነጠቀ ሰው፣ ዛሬም ቢሆን ይዞታውን ሙሉ በሙሉ አያምነውም። ከተማውም በየዓመቱ እየሰፋ ነው። ለሕዝብ ጥቅም መሬት ሲወሰድ ዛፉ በመሬቱ ላይ ያለ ንብረት ተብሎ በካሳ ይገመታል፤ በቋሚነት ለሚነሣ ባለይዞታም አዋጅ ቁጥር 1161/2011 የዓመታዊ ገቢውን 15 እጥፍ የልማት ተነሺ ካሳ ደንግጓል። ይህን ሁሉ አስልቶ የሚተክል ሰው ሰነፍ ሳይሆን ከእርስዎ የተሻለ ሒሳብ የሚያውቅ ነው።

ባለ እርከን፦
እንግዲያውስ ከእኔ በላይ ተናገሩ። ባህር ዛፉ የሚተከለው ለምድጃም ለማሳም ሳይሆን ለካሳ ገማቹ ከሆነ፣ እኔ ካልሁት በምን ተሻለ? ገበሬው እንዲያስብ ያደረገው ፍርሃት መሆኑን እረዳለሁ፤ ገብስ የሚያበቅለው ሜዳ ግን ፍርሃቱን አይቶ አይመለስም፤ ጉቶ ነቅሎ መሬቱን እንደገና ለማረስ የሚጠይቀውን ጉልበት ደግሞ «በሬ የላቸውም» ያሏቸው እናት ከየት ያመጡታል?

የጠራዋ፦
ጉቶውን ማን ንቀሉ አላቸው? ነው ወይስ ሥራ ፈትተው ይተክላሉ ብለው እንደ ፈረዱባቸው፣ ነቅለው ይረሱ ብለውም ሊፈርዱባቸው ነው?

የባሶናው ገበሬ፦
ሁላችሁንም ሳነብ ቆየሁ፤ አንዳችሁም ጎረቤትን አላነሣችሁም። ከማሳዬ ወሰን ላይ ሰው ባህር ዛፍ ተክሎ፣ ጥላው ገብሴን አቀጨጨው፤ ሥሩን ለመቁረጥ በየክረምቱ ቦይ የምቆፍረው ደግሞ እኔ ነኝ። ከታች ያለው ምንጭም ዛፉ ካደገ ወዲህ በበጋ ይደርቃል። ሽማግሌ ሰብስቤ ነበር፤ «በራሱ ይዞታ ነው» ተባልሁ። የሞጃው ወንድሜ፣ የእርስዎ ሒሳብ የእኔን ቦይ በማን ደብተር ላይ ነው የጻፈው?

የሞጃው ሰው፦
አስቀድመው ይንገሩኝ፤ ዛፉ ከወሰንዎ ምን ያህል ርቆ ነው የተተከለው?

የባሶናው ገበሬ፦
ርቆ ቢሆን ኖሮ ሽማግሌ እሰበስብ ነበር?